ሰማይ የሚወስደው ውሃና ማድጋችን የሚጠብቀው ውሃ

በጅቡቲ ከተማ የሚያድግ ሕፃን ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕርን ያውቃል። የከተማይቱ አሮጌ ክፍል የተሠራው ወደ ባሕር ገብቶ በተዘረጋ መሬት ላይ ስለ ሆነ፣ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ከፊቱ ያገኛል። ይኸው ሕፃን ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እናቱ በጀሪካን የተጠራቀመውን ውሃ ሳታባክን ስትቀዳ፣ የመታጠቢያውንም በልክ ስትሰጠው ያያል። እንግዲህ አንድ ቀን «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ከደጃችን ሳለ ውሃ የምንቆጥበው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ ነገር አይሆንም።

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይሁን እንጂ መልሱ ቀላል አይደለም። በሚገባ ለመመለስ ስለ ባሕርና ስለ ጨው፣ ስለ ፀሐይና ስለ ደመና፣ ስለ ተራራና ስለ ከርሠ ምድር መናገር ያስፈልጋል። በአጭሩ የውሃን ዑደት ማስረዳት ግድ ይሆናል። ዑደት ማለት ዙረት ማለት ነው። ውሃ ከባሕርና ከምድር ተንኖ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በዚያም ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ዘንቦም እንደ ገና ወደ ምድርና ወደ ባሕር ይመለሳል። ይህን ዙረት የውሃ ዑደት እንለዋለን።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ በዚህች ከተማ የሚኖሩ ወላጆችና መምህራን፣ ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሚሆን ሕፃናት ይህን ዑደት በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንዴት ሊያስተምሩ እንደሚችሉ ማሳየት ነው። ከዚህም ጋር ትምህርቱ በጥንቃቄ ካልተሰጠ ሕፃኑን ወደ ተሳሳተ ሐሳብ ሊመራው እንደሚችል ለማስገንዘብ እንወዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የመጽሐፉ ሥዕልና የአገሩ መልክ

በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የውሃ ዑደት የሚገለጸው በአንድ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ተራራ ይታያል፤ ከተራራው ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ ወደ ባሕር ይገባል፤ ከባሕሩም ቀስቶች ወደ ደመና ይወጣሉ፤ ደመናው ደግሞ በተራራው ላይ ይዘንባል። ሥዕሉ ሐሰት የለበትም። ለጅቡቲ ሕፃን ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

የመጀመሪያው ጉድለት ሕፃኑ የሚያውቀውን አገር አለመምሰሉ ነው። በጅቡቲ ሪፑብሊክ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። በከተማይቱ በኩል የሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይና አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ሸለቆ ነው። በከተማይቱ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ታገኛለች። ስለዚህ ሕፃኑ ሥዕሉን ሲያይ የሩቅ አገር ተረት ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ቀስቶቹ ክብ ሠርተው ስለሚዞሩ፣ አስተዋይ ሕፃን ከሥዕሉ የሚያገኘው ትምህርት «ውሃ አያልቅም» የሚል ይሆናል። «የፈሰሰው ሁሉ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ቧንቧው ተከፍቶ ቢያድር ምን ይጎዳል?» ቢለን መልሳችን ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት ይህን ጥያቄ የማይመልስ የውሃ ትምህርት ለጅቡቲ ልጅ ግማሽ ትምህርት ነው። ሙሉው ትምህርት ሁለት ነገር ይናገራል፤ ውሃ ከዓለም አይጠፋም፤ ነገር ግን ያፈሰስነው ውሃ በፈለግነው ጊዜ ወደ ማድጋችን አይመለስም።

ሊቃውንትም ዘግይተው የደረሱበት ነገር

የስዊስ ተወላጅ የሆኑት የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕፃናት ስለ ዓለም የሚያስቡትን ከራሳቸው አንደበት እየጠየቁ መዝግበዋል። ከሕፃናቱ መካከል ደመና ከጢስ የተሠራ ነው የሚሉ፣ የወንዝንም መሄጃ ሰዎች ቆፈሩት የሚሉ ነበሩ። ይህ ስሕተት የሚያሳፍር አይደለም። ሕፃን ከሚያየው ነገር ይነሣል፤ ከድስት የሚወጣውን እንፋሎትና ከምድጃ የሚወጣውን ጢስ በዐይኑ መለየት ያስቸግረዋልና፣ ደመናን ጢስ ቢለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ለብዙ ዘመን አልተረዱትም ነበር። የምንጭ ውሃ በምድር ውስጥ ከባሕር ተስቦ ወደ ተራራ የሚወጣ የሚመስላቸው ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በርናር ፓሊሲ የተባሉ ፈረንሳዊ ሸክላ ሠሪ ምንጭ የሚገኘው ከዝናብ መሆኑን በ1580 ጻፉ። ፒየር ፔሮ የተባሉት ሌላው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1674 በሴን ወንዝ ራስጌ የሚዘንበውን ዝናብ ከወንዙ ውሃ ጋር አመዛዝነው፣ ዝናቡ ከወንዙ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳዩ። እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሊ ጨው የተጨመረበትን ውሃ በሳሕን አድርገው እያሞቁ፣ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ለኩ፤ በዚህም ከባሕር የሚተነው ውሃ እጅግ ብዙ መሆኑን በ1687 ለማስረዳት ቻሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ይህ ዕውቀት የተገኘው ዝናብ በመስፈር፣ ውሃ በመመዘንና በመሞከር ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ቃሉን እንዲሸመድድ ከማስገደድ ይልቅ፣ ሃሊ በሳሕን የሠሩትን እርሱም በሳሕን እንዲሠራው ማድረግ ይሻላል። ከዚህ ቀጥሎ አራት ትምህርቶችን በተራ እናቀርባለን። በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አይሰጥ፤ የሕፃን ልብ በጥድፊያ አይማርምና።

የመጀመሪያው ትምህርት፤ የሚያልበው ብርጭቆ

ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። በአንደኛው ከማቀዝቀዣ የወጣ ቀዝቃዛ ሻይ፣ በሁለተኛው ሳይቀዘቅዝ የቆየ ሻይ አድርጉ። በጅቡቲ ወበቅ ብዙ ሳይቆይ ቀዝቃዛው ብርጭቆ በውጭ በኩል ያልበዋል፤ ሁለተኛው ደረቅ እንደ ሆነ ይቀራል። ሕፃኑን «ይህ ውሃ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት «ከውስጥ ሾልኮ ነው» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ የብርጭቆውን ውጭ በነጭ ጨርቅ ራሱ ይጥረገው። ጨርቁ ይረጥባል እንጂ የሻይ ቀለም አይነካውም። እንግዲያስ ውሃው ከውስጥ አልመጣም፤ የመጣው ከአየር ነው።

ይህን ከተረዳ በኋላ ወደ ደጅ አውጡትና በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውሃ አሳዩት። በመሣሪያው ውስጥ ማንም ውሃ አልጨመረም፤ አየሩን ባቀዘቀዘው ጊዜ በአየሩ ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ተን ወደ ውሃነት ተለወጠ። ይህ ውሃ የሚጠጣ አለመሆኑንም አብራችሁ ንገሩት።

ምናልባት ሕፃኑ እዚህ ላይ «በአየሩ ውስጥ ይህን ያህል ውሃ ካለ በከተማችን ለምን አይዘንብም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በሁለቱ ብርጭቆዎች ይገኛል። ሁለቱም የቆሙት በአንድ አየር ውስጥ ነው፤ ያላበው ግን ቀዝቃዛው ብቻ ነው። አየርም እንዲሁ ተን ስላለው ብቻ አይዘንብም፤ መቀዝቀዝ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው ወደ ላይ ከፍ ባለ ጊዜ ነው። በከተማይቱ ሞቃት ሜዳ ላይ ያለው እርጥብ አየር ወደ ላይ የሚያነሣው ነገር ካላገኘ ወበቅ ሆኖ ይቀራል። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የጎዳ ተራራ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ ከባሕር የመጣው አየር ሲወጣበት ይቀዘቅዛል፤ ጉምና ደመናም ይሆናል። በደይ የሚገኘው የጥድ ደን በዚህ በረሃማ አገር ሊበቅል የቻለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፤ ጨው የሚቀርበት ሳሕን

በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨመር የባሕርን ውሃ የሚመስል ውሃ በቤት ይገኛል። ከወደቡ አካባቢ የተቀዳ ውሃ ዘይትና ቆሻሻ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት ለሚቀምሱት ሙከራ ይህን መጠቀም ይሻላል። ሕፃኑ ራሱ ያማስለው፤ በጣቱም ነክሮ ይቅመሰው፤ ነገር ግን አይጠጣው። የባሕርን ውሃ የጠጣ ሰው ሰውነቱ ጨዉን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ስለሚፈልግ ጥማቱ ይብስበታል።

ከዚህ በኋላ ውሃውን በዝርግ ሳሕን አፍስሱና ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጡት። ውሃው የደረሰበትንም ቦታ በየዕለቱ ምልክት ያድርግበት። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ካምሲን የተባለው ሞቃት ነፋስ በሚነፍስበት ወራት ውሃው ፈጥኖ ይደርቃል። በመጨረሻ በሳሕኑ ላይ ነጭ ጨው ብቻ ይቀራል። ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ትታዋለች። ባሕር ጨዋማ ሆኖ ሳለ ከባሕር የተነሣው ዝናብ ጨው የማይለው ስለዚህ መሆኑን ሕፃኑ በዐይኑ ያያል።

በዚህች ከተማ ይህን ትምህርት የሚያጸና ሁለት ምስክር አለ። አንደኛው «ሳሊን» የሚባለው ሠፈር ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ የባሕር ውሃ በፀሐይ እየደረቀ ጨው የሚወጣበት ቦታ ማለት ሲሆን፣ በከተማይቱ ቀድሞ የጨው ማውጫ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ሁለተኛው ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ነው። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ሲሆን በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። የባሕር ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሾለከ ይገባበታል፤ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይ ውሃውን እየወሰደች ጨዉን ስለምትተው፣ የሐይቁ ጨዋማነት የባሕርን አሥር እጥፍ ያህል ደርሷል። የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ሐይቅ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ሲወስዱ ኖረዋል። የሕፃኑ ሳሕን የአሳል ሐይቅ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ነገሩ በልቡ ይቀራል።

ሦስተኛው ትምህርት፤ በሳፋ ውስጥ ያለ ሰማይ

አሁን ፀሐይ የወሰደችውን ውሃ መልሰን የምንይዝበትን መንገድ እንመልከት። በሳፋ ውስጥ ጥቂት የጨው ውሃ አድርጉ። በመካከሉ ከሳፋው አፍ ዝቅ የሚል ባዶ ከባድ ኩባያ አስቀምጡ። ሳፋውን ንጹሕና የሚያሳይ ላስቲክ አልብሳችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩት። በላስቲኩ ላይ፣ በኩባያው ትይዩ፣ አንድ ትንሽ ጠጠር አስቀምጡ፤ ላስቲኩም ወደ ኩባያው ጎድጎድ ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ በፀሐይ ላይ ይቆይ።

ውሃው ይተናል፤ ተኑ ላስቲኩን ሲነካ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም ወደ ጎድጓዳው ወርዶ ኩባያው ውስጥ ይንጠባጠባል። ማታ ኩባያውን አውጥታችሁ ሕፃኑ ይቅመስ። ጨው የለውም! ሳፋው ባሕር፣ ላስቲኩ ሰማይ፣ ኩባያው ማድጋችን መሆኑን ያን ጊዜ ንገሩት።

ትምህርቱ ግን እዚህ ላይ እንዲያቆም አንወድም። ሕፃኑ በኩባያው ውስጥ ያለውን ውሃ ይመልከት፤ የአንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሠራው ሁሉ ጥቂት ጉንጭ ቢሆን ነው። እጁን ለመታጠብ ዛሬ ምን ያህል ውሃ እንዳፈሰሰ ያስብና ከዚህ ጋር ያስተያየው። ምክር ሳንጨምርበት ሙከራው ራሱ ይመክረዋል።

«ታዲያ ሰዎች ይህን በትልቁ ለምን አይሠሩትም?» የሚል ሕፃን ይኖራል። እየሠሩት መሆኑን ንገሩት። ከከተማይቱ አጠገብ በዶራሌ የባሕርን ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ በመጋቢት ወር 2021 ተመርቋል። የታቀደለትም መጠን በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው። ይህ ፋብሪካ የሚሠራው ውሃውን በማትነን አይደለም። የባሕሩን ውሃ በብርቱ ግፊት እጅግ ስስ በሆነ ማጥለያ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ሲያልፍ ጨዉ ይቀራል። ለዚህም ብዙ ኀይል ያስፈልጋል። ፀሐይ ያለ ክፍያ በዝግታ የምትሠራውን ሰው በፍጥነት ለመሥራት ሲፈልግ ዋጋ ይከፍላል።

አራተኛው ትምህርት፤ የተሰወረው ውሃ

በትምህርት ቤቱ ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከምድር በታች ያለው ውሃ ነው። ለጅቡቲ ልጅ ግን ከወንዝ የሚበልጥበት ይህ ነው፤ ከተማይቱ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ነውና።

አንድ ትልቅ የሚያሳይ ማሰሮ ወይም የተቆረጠ የላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ። በመካከሉ ሰፋ ያለ ቱቦ አቁማችሁ ዙሪያውን በጠጠርና በአሸዋ ሙሉት። ሕፃኑ በአሸዋው ላይ ውሃ ያፍስስ። ውሃው ከላይ ይጠፋል፤ ነገር ግን ከታች ሲጠራቀምና በቱቦው ውስጥ ከፍ ሲል ይታያል። ቱቦው የውሃ ጉድጓድ ነው። ከቱቦው ውሃ ሲቀዳ በአሸዋው ውስጥ ያለውም ውሃ አብሮ ዝቅ ይላል። ዝናብ ሳይጨመር እየተቀዳ ከሄደ ያልቃል። የእውነተኛው ጉድጓድ አደጋ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በባሕር አጠገብ ያለ ጉድጓድ ከመጠን በላይ ሲቀዳ የጨው ውሃ ከባሕር በኩል እየገፋ ይገባበታል። የጅቡቲ ጉድጓዶች ጨዋማነታቸው ሲጨምር የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከሩቅ ውሃ ማምጣት አስፈለገ። በኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል በሽንሌ በኩል ካለው የኩለን አካባቢ ከርሠ ምድር ውሃ እየሳበ ወደ ጅቡቲ የሚያደርስ 102 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ በ2017 ተመርቋል። የታቀደውም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ ለማድረስ ነው። እንግዲህ በጅቡቲ የሚኖር ሕፃን የሚጠጣው ውሃ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ዘንቦ የነበረ ሊሆን ይችላል። የአዋሽን ወንዝም ታሪክ ከዚህ ጋር ብትነግሩት መልካም ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ይቀራል። ባሕርን ሳያይ ከሐይቁ እየተነነ ወደ ሰማይ የሚሄድ ወንዝ ነው። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እንዲህ ያለ ወንዝ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን፤ ይኸውም ጊዜ ነው። ወደ አየር የወጣ ውሃ እንደ ገና እስኪዘንብ ድረስ በአየር ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ነው። ይህን ሕፃኑ በጣቱ ሊቈጥረው ይችላል። በከርሠ ምድር ያለው ውሃ ግን ከጥቂት ዓመታት ጀምሮ እስከ ብዙ ሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ የጉድጓድ ውሃ ከአያቱ አያት የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። ደግሞም በዓለም ላይ ከሚዘንበው ዝናብ አብዛኛው ተመልሶ የሚወርደው በባሕር ላይ ነው። ዛሬ ከጅቡቲ ቧንቧ ፈስሶ የተነነውን ውሃ ነፋስ ወስዶ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ሊያዘንበው ይችላል። ውሃው አልጠፋም፤ ከእኛ ጉድጓድ ግን ወጥቷል። ዙረቱ የዓለም ነው፤ ጉድለቱ የቤታችን ነው።

ደረቁ ወንዝ በሚሞላበት ቀን

የውሃን ዑደት ማወቅ ሕፃኑን ከጥም ብቻ ሳይሆን ከሞትም ሊጠብቀው ይገባል። በጅቡቲ ዝናብ ጥቂት ነው፤ በመጣ ጊዜ ግን አንዳንዴ በአንድ ቀን ይወርዳል። ኰረብታዎቹ ዛፍ የሌላቸውና ድንጋያማ ስለ ሆኑ ውሃው ወደ ምድር ለመስረግ ጊዜ ሳያገኝ ወደ አምቡሊ ይንደረደራል። በሚያዝያ ወር 2004 አምቡሊ ሞልቶ በከተማይቱ ላይ በወረደ ጊዜ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በኅዳር ወር 2019 ደግሞ በሁለት ዓመት የሚገኘው ያህል ዝናብ በአንድ ቀን መዝነቡ ተገልጿል፤ በዚያን ጊዜም የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ብዙ ቤትም ፈርሷል።

አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ደረቁ ሸለቆ ለሕፃናት የኳስ ሜዳ ይመስላል። በከተማይቱ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በራስጌው ባሉት ኰረብታዎች ሊዘንብና ጎርፉ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ «የወንዙ መንገድ ባዶ ቢሆንም የውሃው ነው» የሚለውን እንደ ስሙ ይወቀው። ኰረብታው በኩል በጠቆረ ጊዜ ከሸለቆው ይራቅ፤ የሚፈስ ጎርፍም ለመሻገር አይሞክር። ከዚህም ጋር እውነቱን ሁሉ እንንገረው፤ ይህ የሚያስፈራው ጎርፍ ከፊሉ ወደ አሸዋውና ወደ ድንጋዩ ሰርጎ የከተማይቱን ጉድጓዶች ይሞላል። ጎርፉም ምንጩም የአንድ ዑደት ሁለት መልክ ናቸው።

ቃላቱን በቋንቋችን እናስለምዳቸው

በጅቡቲ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ በመንገድ ሶማልኛና አፋርኛ ይሰማሉ። ዝናብን ሶማልኛ ተናጋሪውም አፋርኛ ተናጋሪውም «ሮብ» ይለዋል፤ ሕፃኑ ይህን ማወቁ ደስ ያሰኘዋል። አማርኛውን ግን ከእኛ ካልተማረው ከማን ይማረዋል? ደግሞም አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ውሃው በፀሐይ ሲነሣ ተነነ ይባላል፤ ከድስት የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ በሌሊት በቅጠል ላይ የሚገኘው ጤዛ፣ በተራራ ላይ የሚተኛው ጉም፣ ከፍ ብሎ የሚታየው ደመና ነው። ዝናቡ ጥቂት ሲሆን ካፊያ፣ በኀይል ሲወርድ ዶፍ ይባላል። በምድር ላይ ሲንደረደር ጎርፍ፣ ከምድር ሲፈልቅ ምንጭ ይሆናል። በባሕር ዳር ሰውነታችንን የሚያጣብቀው እርጥብ ሙቀት ወበቅ ነው። ሕፃኑ ከየሙከራው በኋላ የሚስማማውን ቃል ቢያገኝ፣ ሳይሸመድድ የውሃን ዑደት ከእነ ስሙ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እነዚህን አራት ትምህርቶች ያየ ሕፃን እናቱ እንዲህ ብላ ብትመልስለት ይገባዋል፤ «ልጄ፣ የባሕሩ ውሃ ጨው አለበት። ፀሐይ ጨዉን ትታ ውሃውን ትወስደዋለች፤ ነገር ግን አብዛኛውን የምታዘንበው ለእኛ አይደለም። ለእኛ የደረሰን ጥቂቱ በምድር ውስጥ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ወይም ከሩቅ አገር በቧንቧ ተጉዞ የመጣ ነው። የምንቆጥበውም ስለዚህ ነው።»

ይህን ለመናገር የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሕፃኑ እንዲያምነው ለማድረግ ግን ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ሳሕን፣ አንድ ሳፋና ጥቂት አሸዋ ያስፈልጋሉ። ወላጆች ሆይ፣ ነገ ጠዋት በሁለቱ ብርጭቆዎች ጀምሩ። በትምህርቱ መጨረሻ ግን የተረፈው ውሃ አይደፋ፤ ሻዩ ይጠጣ፤ ጨው ያልገባበትም ውሃ ለአትክልት ይሁን።